ግዙፍ ካሜራና በእጅ የሚታተም ፎቶ

አልትራ ላርጅ ፎርማት የሚባለው ከ8 በ10 ኢንች የሚበልጥ ፊልም የሚጎርስ ካሜራ ነው። 11 በ14 አለ፣ 7 በ17 አለ፣ 20 በ24ም አለ። 12 በ20ው ባንኬት ካሜራ ይባላል፤ ድሮ አሜሪካ ውስጥ በትልልቅ የራት ግብዣዎች ላይ፣ ከኋላ ጠረጴዛ የተቀመጠው ሰው ፊት ሳይቀር ጥርት ብሎ እንዲወጣ ተብሎ የተሠራ።

ትልቅነቱ ለጉራ ይመስላል። ትንሽ ጉራም አያጣውም። ዋናው ምክንያት ግን ሕትመቱ ነው። በእጅ ወረቀት ላይ የሚቀቡት ኬሚካሎች ተራ የአምፖል ብርሃን አይበግራቸውም፤ የሚፈልጉት አልትራቫዮሌት፣ ማለትም በፀሐይ ብርሃን ውስጥ ያለ ለዓይን የማይታይ ጨረር ነው። ስለዚህ በማጉያ መሣሪያ ከትንሽ ፊልም ማተም አይሆንም። ኔጋቲቩ፣ ማለትም ብርሃንና ጥላው ተገልብጦ የወጣበት ፊልም፣ ወረቀቱ ላይ ይነጠፋል፣ ፎቶውም ልክ የኔጋቲቩን ያህል ይወጣል። ትልቅ ፎቶ ካማረህ ትልቅ ኔጋቲቭ ማንሳት ነው።

ከሕትመት ዘዴዎቹ ቀላሉ ሳያኖታይፕ ነው፤ በ1842 እንግሊዛዊው ጆን ኸርሸል ያገኘው። ሁለት የብረት ጨዎች ይቀላቀሉና ደብዘዝ ባለ መብራት በብሩሽ ወረቀት ላይ ይቀባሉ። ሲደርቅ ኔጋቲቩ ከላይ ይደረጋል፣ መስታወት ይጫነዋል፣ ፀሐይ ላይ ይወጣል። ቢጫ አረንጓዴው ቅብ ቀስ እያለ ወደ አመድማ ይዞራል። ከዚያ ውሃ ብቻ! ቢጫው ታጥቦ ሲሄድ ሰማያዊው ይቀራል፣ ሲደርቅ ደግሞ ይበልጥ ይደምቃል። የመሐንዲሶች ብሉፕሪንት፣ ሰማያዊው የንድፍ ወረቀት፣ ከዚሁ የመጣ ነው።

ፕላቲነም በሚባለው ውድ ማዕድን የሚታተመው ፎቶ ነገር ሌላ ነው። ዊልያም ዊሊስ በ1873 የፈጠራ መብት አወጣበት። በተራው የፎቶ ወረቀት ላይ ምስሉን የሚሠራው የብር ማዕድን ጄላቲን በሚባል ስስ ሽፋን ውስጥ ነው ያለው፤ ፕላቲነም ግን የወረቀቱ ቃጫ ውስጥ ይገባል። አያብረቀርቅም፣ ከጥቁር ወደ ግራጫ የሚሸጋገረውም በለሆሳስ ነው። ፕላቲነም ስለማይዝግ ከፎቶው በፊት የሚያረጀው ወረቀቱ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፕላቲነም ለጦር መሣሪያ ሥራ ሲፈለግ ዋጋው አልቀመስ አለ፣ የፕላቲነም ዘመድ የሆነው ማዕድን ፓላዲየምም ያኔ ገባ። ዛሬ ብዙዎች ሁለቱን ይቀላቅላሉ።

ከቀደምቶቹ ፎቶ አንሺዎች እኔን የሚያስደምመኝ አሜሪካዊው ካርልተን ዋትኪንስ ነው። በ1861 ካሊፎርኒያ ውስጥ ካለው ዮሰሚቴ ሸለቆ ድረስ 18 በ22 ኢንች የሚሆን መስታወት የሚይዝ ካሜራ በበቅሎ አስጭኖ ገባ። መስታወቱ እዚያው ተቀብቶ፣ ሳይደርቅ ተነስቶ፣ ሳይደርቅ መታጠብ ስላለበት ድንኳን ውስጥ ጨለማ ክፍልም ያስፈልገዋል። ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1864 ሸለቆውን የሚያስጠብቀውን ሕግ ሲፈርም የነዚህ ፎቶዎች እጅ እንደነበረበት ይነገራል።

ዛሬ ፈተናው ኪስ ነው። የእንግሊዙ ፊልም አምራች ኢልፎርድ በዓመት አንዴ ትዕዛዝ ሰብስቦ ለየት ያሉ መጠኖችን ይቆርጣል፤ ርካሽ አይደለም። ብልጦቹ የኤክስሬይ ፊልም ይገዛሉ። ፊልሙን ቀይ ብርሃን ስለማይነካው በቀይ መብራት እያዩ ያጥቡታል፤ ግን ብዙ ጊዜ በሁለቱም በኩል የተቀባ ስለሆነ ቶሎ ይጫጫራል። ሌሎች ደግሞ በዲጂታል አንስተው ኔጋቲቩን ግልጽ ፕላስቲክ ላይ በፕሪንተር ያወጣሉ። አክራሪዎቹ ይሄን አይወዱትም። ለጀማሪ ግን ሃያ ኪሎ ካሜራ ከመሸከም በስንት ጣዕሙ።