የሶቅራጥስ ችሎት

የግሪኩ ፈላስፋ ሶቅራጥስ አቴንስ ውስጥ ለፍርድ የቆመው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ399 ዓመት ነው። ዕድሜው 70 ደርሶ ነበር። እሱ ራሱ አንድም መስመር አልጻፈም። ስለ ችሎቱ የምናውቀው በአብዛኛው ደቀ መዝሙሩ ፕላቶ ከጻፈው ነው። ሌላው ተከታዩ ዜኖፎንም ጽፏል፣ ግን ያኔ አገር ውስጥ አልነበረም። የከሳሾቹ ንግግር አልተረፈም።

ከችሎቱ በፊት በጦር ሜዳ ተዋግቷል፣ በየአደባባዩም ሰዎችን በጥያቄ ሲመረምር ኖሯል።

ክሱ እንዲህ ይል ነበር፦ የከተማዋን አማልክት አይቀበልም፣ አዳዲስ መናፍስት ያስገባል፣ ወጣቱን ያበላሻል። ክሱን ያቀረበው ሜሌጦስ ነው። አኒጦስና ሊቆን አብረውት ቆሙ። አቴንስ ዐቃቤ ሕግ አልነበራትም፤ የፈለገ ዜጋ ይከስሳል። ዳኞቹም ዕድሜያቸው 30 የሞላ፣ በዕጣ የተመረጡ ተራ ዜጎች ናቸው። 500 ወይም 501 ነበሩ። የቀን አበላቸው 3 ኦቦል (ትንሽ የብር ሳንቲም) ነበር። ሁሉም ነገር በውሃ ሰዓት እየተለካ በአንድ ቀን ያልቃል። ይግባኝ የሚባል የለም።

ከክሱ ጀርባ የቅርብ ጊዜ ቁስል ነበር። ከአምስት ዓመት በፊት ተቀናቃኟ የግሪክ ከተማ ስፓርታ አቴንስን አሸንፋ 30 አምባገነኖችን ሾመችባት። ብዙ ደም ፈሰሰ። መሪያቸው ክሪጥያስ ድሮ ከሶቅራጥስ ጋር ይውል ነበር። ወደ ስፓርታ የከዳው አልኪብያዴስም እንደዚሁ። ዴሞክራሲው ሲመለስ በ403 ምሕረት ታወጀ፣ በድሮ ጥፋት መክሰስም ተከለከለ። ስለዚህ ቂሙ በሃይማኖት ስም ገባ የሚሉ ብዙ ናቸው። ክሱ ከልብ ሃይማኖታዊ ነበር የሚሉም አሉ። እኔን የሚያሳምነኝ የመጀመሪያው ነው። ኤስኪኔስ የተባለ ተናጋሪ ከ50 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ሶቅራጥስን የገደላችሁት ክሪጥያስን ስላስተማረ ነው ብሎ ለዳኞች በግልጽ ተናግሯል።

ታዲያ ክሱ ይገባው ነበር? አይገባውም። ሠላሳዎቹ ሌዎን የሚባል ንጹሕ ሰው ይዘህ አምጣ ብለው ከሌሎች አራት ጋር ላኩት። አራቱ ሄዱ፣ እሱ ወደ ቤቱ ገባ። በ406ም ሕዝቡ የባሕር ኃይል አዛዦችን በጅምላ ልፍረድባቸው ሲል እምቢ ብሏል። ለአምባገነንም ለሕዝብም ያልተንበረከከ ሰው በተማሪው ኃጢአት አይጠየቅም። ከልጅነቱ ጀምሮ የሚከለክለው መለኮታዊ ድምፅ እንዳለ ራሱ ያወራ ስለነበር ግን፣ ከሳሾቹ የሚይዙት ነገር አላጡም። አኒጦስም ቢሆን ለዴሞክራሲው የታገለ ሰው ነበር።

ጥፋተኛ ተባለ። 30 ድምፅ ቢዞር ኖሮ ነፃ ይወጣ እንደነበር ፕላቶ ጽፏል። ቀጥሎ ቅጣት ይመረጣል። ከሳሽ ሞት አለ። ሶቅራጥስ መጀመሪያ፣ ለኔ የሚገባኝ እንደ ኦሎምፒክ አሸናፊ በከተማዋ ወጪ መመገብ ነው አለ። በኋላ ወዳጆቹ ዋስ ሆነውት 30 ምና፣ ማለትም 3,000 ድራክማ ልክፈል አለ። አንድ ድራክማ 6 ኦቦል ስለሆነ፣ ከአንድ ዳኛ የ6,000 ቀን አበል ጋር እኩል ነው። ዳኞቹ ሞትን መረጡ።

አቴንስ ለሃይማኖታዊ በዓል የላከችው የተቀደሰ መርከብ ከዴሎስ ደሴት እስኪመለስ ሰው አይገደልም ነበርና እስር ቤት ጠበቀ። ወዳጁ ክሪጦን ላስመልጥህ ብሎ ለመነው። ሕጉን አልጥስም አለ። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል መርዙን በጽዋ ሰጡትና ጠጣ። ፕላቶ በዚያ ሰዓት አልነበረም፤ ታሞ ነበር።