በፍላንደርስ ድንበር «ከመኪና ነፃ» የሚባለው የብስክሌት መንገድ ምን ማለት ነው?

በሰሜን ቤልጂየም፣ በፍላንደርስ ገጠር የኔዘርላንድስን ድንበር ተከትለው በብስክሌት የሚጓዙ ብዙ ሰዎች «ከመኪና ነፃ» ሲባል ሞተር ያለው ነገር ፈጽሞ የማይገባበት መንገድ ይመስላቸዋልና፣ ከበቆሎው ማሳ መካከል ትራክተር ብቅ ሲልባቸው ይደነግጣሉ። ትራክተሩ ግን ሕግ አልጣሰም። በመንገዱ መግቢያ በቆመው ሰማያዊ ምልክት ላይ እግረኛ፣ ብስክሌትና ትራክተር ተሥለው ከታዩ፣ መንገዱ በዳሩ ቤት ወይም መሬት ወዳለው ሰው ከሚሄዱት በቀር ለመኪና ዝግ፣ ለእርሻ ተሽከርካሪ ግን ክፍት ነው፤ የፍጥነቱም ጣሪያ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር ነው። ጭቃ የያዘው ሰፊ ጎማ ጠባቡን አስፋልት ሞልቶ ሲመጣ ዳር ይዞ ማሳለፍ ተገቢ ነው፤ ገበሬው ሥራው ላይ ነውና።

ከዚህ ምልክት ጋር መምታታት የሌለበት የመገናኛ ነጥቦች ቁጥር ነው፤ ይኸውም የብስክሌት መንገዶች በሚገናኙበት ቦታ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ነው። ይህ ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1995 በቤልጂየም ሊምበርግ ክፍለ ሀገር የተጀመረ ሲሆን፣ ቁጥሩ የመገናኛው መለያ እንጂ የርቀት መለኪያ አይደለም፤ መኪና አለመኖሩንም አያረጋግጥም። ተጓዡ የሚያልፍባቸውን ቁጥሮች አስቀድሞ በቁራጭ ወረቀት ጽፎ ከአንዱ ወደ ቀጣዩ ቀስቱን ይከተላል። ድንበሩን ሲሻገር ሰማያዊው የቁጥር ሰሌዳ አረንጓዴ ይሆናል፤ አጠቃቀሙ ግን አይለወጥም።