ኬቨን ካደገ በኋላ፦ የፒያሳ የሕልም ካስቲንግ

«የሕልም ካስቲንግ» ያልኩት እኔ ነኝ እንጂ ጨዋታው ራሱ ስም የለውም። «አፄ ቴዎድሮስን ማን ቢሠራው ያምርበታል?» በሚል ጥያቄ ይጀመራል። ከዚያ ላልተሠራ፣ ምናልባትም መቼም ለማይሠራ ፊልም ተዋናይ ይመደባል። በጀት የለም፣ ፕሮዲውሰር የለም፤ ክርክር ግን እስከ ምሽት ድረስ አለ።

መሃል አዲስ አበባ ላይ መዘውተሩ አይገርምም። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው ሀገር ፍቅር ቴአትር ፒያሳ ነው። ሲኒማ ኢትዮጵያም እዚያው ነው። ወረድ ሲሉ ደግሞ አምባሳደርና ብሔራዊ ቴአትር አሉ። የድሮ ሰው ፊልም የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ይለው ነበር። የልጅ ልጆቹ ከዚያ ቤት ወጥተው ማኪያቶ ያዙና ዳይሬክተር ሆነው ቁጭ አሉ። በ2016 ዓ.ም. በኮሪደር ልማቱ ብዙው የፒያሳ ሰፈር ሲፈርስ ደንበኛው ተበታተነ። ክርክሩ ግን ወንበር ቀየረ እንጂ አልቆመም።

የንጉሦቹ ነገር ቶሎ ያልቃል። ጢሙ፣ ቁመቱ፣ ድምፁ ይታይና አንዱ ያሸንፋል። ልጅ ሆኖ ዝነኛ የሆነ ተዋናይ ሲነሳ ነው ነገሩ የሚከረው። እኛ ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ሁሌ የሚነሳው ማኮሊ ከልኪን ነው። በስሙ ብትጠሩት ግማሹ ሰው ግራ ይገባዋል። «ኬቨን» ካላችሁ ግን አስተናጋጁም ያውቀዋል።

ከልኪን እ.ኤ.አ. በ1980 ኒውዮርክ ውስጥ ተወለደ። ቤተሰቡ ረስቶት ሲሄድ ብቻውን ቤት የቀረውን፣ ሌቦችንም በወጥመድ የሚያሯሩጠውን ኬቨንን የተጫወተበት «ሆም አሎን» በ1990 ሲወጣ ገና የ10 ዓመት ልጅ ነበር። ፊልሙ በዓለም ዙሪያ ወደ 476 ሚሊዮን ዶላር አስገባ። በ1992 ለወጣው ሁለተኛው ክፍል ልጁ 4.5 ሚሊዮን ዶላር እንደተከፈለው ይነገራል። በ1994 ግን ትወናውን እርግፍ አድርጎ ተወ። ቤት ውስጥ ሰላም አልነበረም፤ ወላጆቹ ተለያይተው በልጆቻቸው አሳዳጊነት ፍርድ ቤት ቆሙ። ወደ ፊልም የተመለሰው በ2003 ነው፤ ያውም የነፍሰ ገዳይ ገጸ ባሕሪ ይዞ። በዲሴምበር 2023 ስሙ ሆሊውድ ጎዳና ላይ በኮከብ ተቀረጸ።

ከእሱ በፊት ጃኪ ኩጋን ነበር። በ1921 ከቻርሊ ቻፕሊን ጋር የተጫወተው ያ ትንሽ ልጅ ማለት ነው። ሲያድግ ገንዘቡን ቢፈልግ እናቱና እንጀራ አባቱ አብዛኛውን በልተውታል። ካሊፎርኒያ በ1939 የልጅ ተዋናዮችን ገቢ የሚጠብቅ ሕግ ያወጣችው በእሱ ጦስ ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ከዚያ በኋላ ያለው ነው። በ1960ዎቹ ቴሌቪዥን ላይ መላጣና አስፈሪ አጎት ሆኖ ተመለሰ። ያንን ቆንጅዬ ልጅ አይቶ እንዲህ ብሎ የሚመድብ ሰው ፒያሳ ውስጥ ቢገኝ፣ ቡናውን ሳይጨርስ ይባረር ነበር።

ልጅ ሆነን «አክተር አይሞትም» እንል ነበር። ልክ ነው፣ አይሞትም። ግን ያድጋል፤ ተመልካቹን የሚያናድደውም ይኼ ነው።

አንድ ምሽት ጓደኛዬ ሶፍት ዘርግቶ የሐበሻውን «ሆም አሎን» መመደብ ጀመረ። ቤተሰቡ በታኅሣሥ ለቁልቢ ገብርኤል ሚኒባስ ተኮናትሮ ይሄዳል፤ ልጁ ይረሳል። እስከዚህ ድረስ ሁላችንም ተስማማን። ወጥመዱም ቀላል ሆነ፦ ደረጃው ላይ የሳሙና ውኃ፣ በሩ ጀርባ ሳማ፣ ከላይ ደግሞ ሚጥሚጣ የተሞላ ባልዲ። ችግሩ ጎረቤት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ልጅ ብቻውን ቢቀር አምስት ደቂቃ ሳይሞላ አንዷ እትዬ መጥታ «ምሳ በልተሃል?» ትላለች። ፊልሙ እዚያው ያልቃል። ስለዚህ መጀመሪያ ጎረቤቷንም ሚኒባሱ ላይ ጫንናት።

የቀረው ሌባው ነበር። የኮሜዲ ተዋናዮቻችን ስም እየተጻፈ ተሰረዘ። ከዚያ እስከዚያ ሰዓት ዝም ያለው ልጅ፣ «ራሱን ኬቨንን ሌባ አድርጉት» አለ። አርባዎቹን ያጋመሰ፣ ጢሙን ያሳደገ ፈረንጅ፣ አጥር ዘሎ ገብቶ የሚጥሚጣ ባልዲ ሲወርድበት። በሳቅ ሞትን። ለእኔ ከዚህ የተሻለ ምደባ በዚያ ጠረጴዛ አልሰማሁም፤ ሰውዬው ቢያንስ ዕድሜው ተከበረለት።

«አይመስልም» ያለ ግን አልጠፋም። አለመምሰል እንኳን ለእኛ አገር ክርክር አይሆንም። አባባ ተስፋዬ፣ ማለትም ተስፋዬ ሳህሉ፣ ሴት ተዋናይ በማይገኝበት ዘመን መድረክ ላይ ሴት ሆነው ተጫውተዋል። ኋላ የአንድ አገር ልጆች ሁሉ አባባ ሆኑ። ይህን ስናገር «እሳቸውማ ሌላ ናቸው» ተባልኩ። እውነት ነው፣ ሌላ ናቸው።

ድምፅ ልንሰጥ ስንል አስተናጋጁ ሂሳብ ይዞ መጣ። ሶፍቱን አጨማደደና ባዶው የማኪያቶ ብርጭቆ ውስጥ ከትቶ ይዞት ሄደ።