በኤአይ ኤጀንት በኩል የጉግል ድራይቭ ፋይልን ባለኮከብ ማድረግ ምንድን ነው?

ጉግል ድራይቭ ላይ ደጋግመን የምንከፍተውን ፋይል ኮከብ እናደርግበታለን፤ «ኮከብ የተደረገባቸው» በሚለው ዝርዝር ውስጥ ወዲያው ይገኛል። ይህንኑ በመዳፊት ከመጫን ይልቅ ለኤአይ ኤጀንት፣ ማለትም በቋንቋ ሞዴል እየተመራ ሥራ ለሚፈጽም ፕሮግራም፣ «የኪራይ ውሉን ኮከብ አድርግበት» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። ሞዴሉ ራሱ ድራይቭ ውስጥ አይገባም። «ቱል» የሚባል የፕሮግራም ክፍል ይሰጠዋል፤ ሞዴሉ የቱሉን ስምና የፋይሉን መለያ ጽፎ ያቀርባል፣ ጥያቄውን ወደ ጉግል ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ከአገልግሎቱ ጋር ወደሚነጋገሩበት በር) የሚልከው ፕሮግራሙ ነው።

ኮከቡ የሚለጠፈው ፋይሉ ላይ ይመስላል እንጂ የአንድ ተጠቃሚ የግል ምልክት ነው። ፋይሉን አያንቀሳቅስም፣ አይቀዳም፣ ይዘቱን አይነካም፤ ፋይሉን የተጋሩ ሌሎች ሰዎችም አያዩትም። ፎልደር ላይ ቢደረግ በውስጡ ወዳሉት ፋይሎች አይወርድም። የግል ምልክት መሆኑ ተራ ነገር ይምሰል እንጂ ብዙዎችን ግራ የሚያጋባው ስህተት የሚመነጨው ከዚሁ ነው። ኤጀንቱ በተጠቃሚው አካውንት ሳይሆን በሰርቪስ አካውንት (ለሰው ሳይሆን ለፕሮግራም በተከፈተ አካውንት) ከተገናኘ ኮከቡ የሚያርፈው በሰርቪስ አካውንቱ ዝርዝር ላይ ነው። ኤፒአይው «ተሳክቷል» ይላል፣ ኤጀንቱም «ጨርሻለሁ» ይላል፣ ባለቤቱ ድራይቩን ሲከፍት ግን ምንም የለም። መፍትሔው ተጠቃሚው ራሱ በኦአውዝ (የይለፍ ቃል ሳይሰጡ ለመተግበሪያ ፈቃድ በሚሰጥበት ሥርዓት) ገብቶ ፈቃድ እንዲሰጥ ማድረግ ነው።

ጥሪው አጭር ነው። በኤፒአዩ 3ኛ ቅጂ ላይ ፋይል ማሻሻያው በ«ፓች» (የተላከውን ብቻ በሚቀይር) ዘዴ ይጠራል፤ አድራሻው ላይ የፋይሉ አይዲ ይገባል፣ በአካሉ ውስጥ «ስታርድ» (ባለኮከብ) የሚባለው መስክ ብቻ «ትሩ» (እውነት) ሆኖ ይላካል። ኮከቡን ለማንሳት «ፎልስ» (ሐሰት) ማድረግ ነው። ስለዚህ ቱሉ ሁለት ግብዓት ይበቃዋል፦ አይዲውና እውነት ወይስ ሐሰት የሚለው ዋጋ። «ካለ አንሳ፣ ከሌለ አድርግ» የሚል አንድ ቁልፍ መሥራት ግን አይመከርም። መረብ ሲቆራረጥ ኤጀንቶች ያንኑ ጥሪ ይደግሙታል፤ የመጀመሪያው ጥሪ ደርሶ መልሱ ብቻ ጠፍቶ ከነበረ ሁለተኛው ኮከቡን መልሶ ያነሳዋል። «ትሩ» ግን አሥር ጊዜ ቢላክም ውጤቱ ያው ነው።

ዋናው ችግር ያለው አይዲውን ማግኘት ላይ ነው። ድራይቭ በአንድ ፎልደር ውስጥ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ፋይሎች ይፈቅዳል፤ ስም ብቻውን ፋይልን አይለይም። የስም ፍለጋው ደግሞ የሚያዛምደው ከቃሉ መጀመሪያ ነው። ይህ ለእንግሊዝኛ ብዙም አያስቸግርም፤ አማርኛ ግን «የ»ን፣ «ለ»ን፣ «በ»ን ከቃሉ ጋር አጣብቆ ይጽፋል። «ውል» ብሎ የሚፈልግ ኤጀንት «የውል ማራዘሚያ 2017» የሚለውን ፋይል ሳያገኝ ሊቀር ይችላል፤ ቃሉ የሚጀምረው በ«የ» ነውና። በዚህ ላይ «ሠነድ» እና «ሰነድ»፣ «ዓመት» እና «አመት» ለአንባቢ አንድ ቢሆኑም በኮምፒውተር የተለያዩ ሆሄያት ናቸው። በቱሉ መግለጫ ውስጥ «ካልተገኘ ከቃሉ ፊት የ፣ ለ ወይም በ ጨምረህና በሌላው አጻጻፍ ደግመህ ፈልግ፤ ከአንድ በላይ ከተገኘ ተጠቃሚውን ጠይቅ» የሚል ግልጽ መመሪያ መጻፍ ብዙ ድካም ያድናል። ፍለጋው ወደ መጣያ የተጣሉትንም ስለሚያመጣ እነሱን የሚያስቀር ማጣሪያ ይጨመርበት። የፍለጋው አንድ ገጽ ሌላ ቁጥር ካልተጠየቀ በቀር 100 ፋይል ብቻ ይመልሳል፣ ከፍተኛው 1000 ነው፤ የቀጣዩን ገጽ ቶከን (ወደሚቀጥለው ገጽ የሚያደርስ ምልክት) የማይከተል ቱል ያለውን ፋይል «የለም» ይላል። የተገኘው ነገር አቋራጭ ከሆነም የራሱ አይዲ ስላለው ኮከቡ የሚያርፈው በአቋራጩ ላይ እንጂ በዋናው ፋይል ላይ አይደለም።

ፈቃዱ ላይ ስስት ጥሩ ነው፣ ልኩ ግን ይታወቅ። የማንበብ ብቻ ፈቃድ የተሰጠው ቱል ኮከብ ማድረግ አይችልም፤ 403 (ፈቃድ የለህም የሚል የስህተት ቁጥር) ይመለስለታል። «ድራይቭ ፋይል» የሚባለው ጠባብ ፈቃድ ደግሞ መተግበሪያው ራሱ የፈጠራቸውን ወይም ተጠቃሚው መርጦ የሰጠውን ፋይል ብቻ ያሳያል፤ ለሌላው ሁሉ መልሱ 404 (አልተገኘም) ነው። ፋይሉ ዓይናችን እያየው ኤጀንቱ «አልተገኘም» ካለ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ይህ ነው። በቡድን በጋራ የሚያዝ ድራይቭ ላይ ያለ ፋይል ከሆነም ጥሪው ጋራ ድራይቮችን እንደሚደግፍ የሚገልጸው መለኪያ (ከጥሪው ጋር የሚላክ ቅንብር) «ትሩ» ካልተደረገ ያው 404 ይመጣል።

ኤጀንቱ ውጤቱን ሳያይ «አድርጌያለሁ» እንዳይል መልሱ ውስጥ የኮከቡ መስክ መካተት አለበት። ኤፒአዩ በልማዱ የሚመልሰው ስም፣ አይዲና የፋይል ዓይነት የመሳሰሉትን ብቻ ነው፤ «ስታርድ»ን ለማየት በመስኮች መለኪያው በግልጽ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌሎች አገልግሎቶች አሠራራቸው ይለያል። ለምሳሌ ቦክስ በሚባለው የፋይል ማከማቻ አገልግሎት ላይ በኮከብ ፋንታ ያለው «ተወዳጅ» ማለት ፋይሉ «ፌቨሪትስ» በሚባል ስብስብ ውስጥ መግባት ነው። ስለዚህ ቱሉ አስቀድሞ የስብስቦቹን ዝርዝር ጠይቆ የዚያን ስብስብ አይዲ ያመጣል፣ ከዚያ ፋይሉን ሲያሻሽል አይዲውን ይልካል። ባዶ ዝርዝር ከላከ ፋይሉ ካለበት ስብስብ ሁሉ ይወጣል።