የጅማ የመጠጥ ውሃ፦ ከግልገል ጊቤ እስከ ጀሪካን

ጅማ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምዕራብ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። በ2007 የሕዝብ ቆጠራ 120,960 ነዋሪ ነበራት። ዛሬ ቁጥሩ ምን ያህል እንዳደገ መንገዱም ገበያውም ይመሰክራል። የዝናብ አገር ናት፤ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ይዘንብባታል። ውሃ ከየአቅጣጫው እየወረደ ያልፍባታል። እንዲህ ባለ ቦታ ሰውን የሚያስጨንቀው ቧንቧው ሲከፈት የሚወርደው ውሃ ይጠጣል ወይስ አይጠጣም የሚለው ነው።

ስለዚህ ጉዳይ በአማርኛ አንድ ላይ ተሰብስቦ የተጻፈ ነገር ማግኘት ይቸግራል። ያለው በየጆርናሉና በየመመረቂያ ጽሑፉ ተበትኗል፤ አብዛኛውም በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ዳሰሳ የተለቀመው ከዚያ ነው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ምንጩ

የከተማዋ የቧንቧ ውሃ ዋና ምንጭ የግልገል ጊቤ ወንዝ ነው። ውሃው ቦዬ ባለው ማጣሪያ ጣቢያ ይታከማል። ከዚያ በፓምፕ ተገፍቶ ወደ ማጠራቀሚያዎች ይወጣል፤ ከማጠራቀሚያዎቹ ደግሞ ወደ ቤቶችና ወደ ቦኖዎች ይወርዳል። ግልገል ጊቤ ብዙ ሰው የሚያውቀው በመብራት ኃይል ነው። 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመጀመሪያው ግድብ በ2004 ሥራ ሲጀምር ስሙ በመላ አገሪቱ ተሰማ። ለጅማ ሰው ግን ወንዙ ከመብራቱ በፊት የሚጠጣ ነው።

ወንዙ የሚሰበሰበው ከእርሻ አገር ነው። የዴዶ፣ የሰቃ ጨቆርሳና የቀርሳ አፈር ቀይ ነው። ክረምት ሲገባ ያ አፈር ከማሳው ተጠርጎ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ውሃውም ቀይ ሆኖ ይመጣል። በጋ ላይ የተረጋጋ ወንዝ ሐምሌ ላይ ሌላ ወንዝ ይሆናል። ማጣሪያ ጣቢያ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ፈተናቸው የሚከብደው ያኔ ነው፤ ሥራቸውንም ማንም አያይላቸውም።

ድሮ

በአባ ጅፋር ዘመን ጅሬን ከቤተ መንግሥቱ ጀምሮ እስከ ሂርማታ ገበያ ድረስ ሰው የሚጠጣው ከምንጭና ከወንዝ በእንስራ የተቀዳ ውሃ ነበር። ጣሊያን ጅማን የአንድ ሰፊ ግዛት ዋና ከተማ አድርጓት ነበር፤ በዚያ ምክንያት ከተማዋ በፍጥነት ሰፋች።

የዩኒቨርሲቲው ድርሻ

ስለ ጅማ ውሃ ዛሬ የምናውቀው አብዛኛው ነገር የመጣው ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህን ሳይናገሩ ማለፍ ውለታ መካድ ይሆናል። ዩኒቨርሲቲው በ1952 የተመሠረተው የእርሻ ኮሌጅና በ1983 የተከፈተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋህደው የተወለደ ነው። የሁለቱ መገናኘት ለውሃ ጥናት የተመቸ ሆነ። አንዱ ወገን አፈርን፣ ሰብልንና ፀረ ተባይን ያውቃል። ሌላው ተቅማጥንና የሆድ ትላትልን ያውቃል። ውሃ ደግሞ የሁለቱም ጉዳይ ነው።

መፈክሩ «እኛ በማኅበረሰቡ ውስጥ ነን» ይላል። በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ መፈክር አይደለም። ተማሪዎች በማኅበረሰብ አቀፍ ሥልጠና፣ በግቢው ቋንቋ «ሲቢቲፒ»፣ ወደ ቀበሌዎች ይወጣሉ። ቦሳ አዲስ፣ ጊንጆ፣ ሰቶ ሰመሮ፣ በቾ ቦሬ ድረስ በእግር ይሄዳሉ። ቤት ያንኳኳሉ። ውሃ ከየት ትቀዳላችሁ? በምን ታስቀምጣላችሁ? መጸዳጃ ቤቱ ከውሃ ጉድጓዱ ስንት ሜትር ይርቃል? ቡና ይፈላላቸዋል፤ መጠይቁም በሲኒ መካከል ይሞላል። በየዓመቱ አዲስ ተማሪ እነዚያኑ መንደሮች እንደገና ያያል። ስለ ጅማ ውሃ አያያዝ የተጻፈ ብዙ ነገር ያለው ከዚህ ልማድ የተነሳ ነው ማለት ማጋነን አይሆንም።

ከታተሙት ጥናቶች አንዱ በ2015 የወጣው ነው። በጅማ ዞን ከተለያዩ ምንጮች የተወሰደን የመጠጥ ውሃ ፊዚካላዊ፣ ኬሚካላዊና ባክቴሪያዊ ጥራት መርምሯል። በሰገራ መበከልን የሚጠቁሙ ባክቴሪያዎች ተገኝተዋል። ውጤቱ የዞኑ እንጂ የከተማዋ ቧንቧ ብቻ አይደለም። ይህ ልዩነት ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ሰው «የጅማ ውሃ ተበከለ» ብሎ ይዘጋዋል። የገጠር ምንጭና የታከመ የከተማ ውሃ በአንድ ሚዛን መመዘን የለባቸውም።

ምን ይፈተሻል?

የኢትዮጵያ የመጠጥ ውሃ ደረጃ ከዓለም ጤና ድርጅት መመሪያ ብዙም አይርቅም። በሰገራ መበከልን የሚጠቁመው ኢ. ኮላይ የተባለው ባክቴሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ አንድም መገኘት የለበትም። ፍሎራይድ በሊትር ከ1.5 ሚሊ ግራም፣ ናይትሬት ከ50 ሚሊ ግራም፣ አርሴኒክ ከ0.01 ሚሊ ግራም መብለጥ የለባቸውም። ፍሎራይድ የስምጥ ሸለቆ ከተሞች ዋና ጣጣ ነው፤ ጥርስ ያበላሻል፣ ሲበዛም አጥንት ይጎዳል። ጅማ ከስምጥ ሸለቆው ውጭ ያለች ደጋማ አገር ናት፤ የምትጠጣውም የወንዝ ውሃ ነው። እዚህ በየዕለቱ የሚያሠጋው ሌላ ነው፦ ድፍርስነትና ጀርም።

ሁለቱ ይያያዛሉ። ድፍርስ ውሃ ውስጥ ያለው የአፈር ቅንጣት ለባክቴሪያ መደበቂያ ይሆናል። ክሎሪኑንም ይበላዋል። ስለዚህ በመጀመሪያ አፈሩ መውጣት አለበት። ለዚህ የሚጨመረው አልሙኒየም ሰልፌት ነው፤ ባጭሩ አልም ይሉታል። መጠኑ የሚታወቀው በሙከራ ነው። በላቦራቶሪ ስድስት ብርጭቆ ይደረደራል። በሁሉም ውስጥ ያው የወንዝ ውሃ አለ፤ የአልሙ መጠን ግን ይለያያል። መጀመሪያ በፍጥነት ይማሰላል፣ ከዚያ ቀስ እያለ። ትንሽ ቆይቶ ውሃው ውስጥ በረዶ የሚመስል ነገር መንሳፈፍ ይጀምራል። አፈሩ እርስ በርሱ እየተያያዘ ነው። ማማሰያው ሲቆም ከታች ይዘቅጣል። ግማሽ ሰዓት ካለፈ በኋላ በትንሹ አልም ከሁሉም በላይ የጠራው ብርጭቆ ይመረጣል። የዛሬው መጠን ያ ነው። ነገ ዝናብ ከጣለ እንደገና ይሠራል።

የጠራው ውሃ በአሸዋ ማጣሪያ ያልፋል። አሸዋው የሚናቅ አይደለም። በጅማም በሌላውም ከተማ ሁሉም ሰው በስሙ የሚያውቀው ጃርዲያ ሽፋኑ ጠንካራ ነው፤ ክሎሪንን ይቋቋማል። አሜባም እንዲሁ ነው። እነዚህን በዋነኛነት የሚይዛቸው ማጣሪያው ነው። ክሎሪን የሚጨመረው መጨረሻ ላይ ነው። ጥቂቱ በመንገድ ላይ ለሚያጋጥመው እንዲተርፍ ይፈለጋል። ቧንቧ አፍ ላይ ሲደርስ በሊትር ቢያንስ 0.2 ሚሊ ግራም መቅረት አለበት። ይህን ለማወቅ ትልቅ መሣሪያ አያስፈልግም። ትንሽ ብልቃጥ ውሃ ላይ ዲፒዲ የተባለ የመመርመሪያ ክኒን ይጨመራል። ክሎሪን ካለ ውሃው ሮዝ ይሆናል። ከሌለ እንደነበረ ይቀራል።

ከቧንቧ እስከ ኩባያ

ዋናው ነገር እዚህ ነው፤ ስለዚህ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል።

ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቧንቧው የሚሞላው የተወሰነ ጊዜ ብቻ ነው። በሌላው ጊዜ ባዶ ነው። ባዶ ቧንቧ ግፊት የለውም፤ እንዲያውም ወደ ውስጥ ይስባል። ያረጀ መጋጠሚያ ወይም ስንጥቅ ካለ በዙሪያው ያለው እርጥበት ይገባል። ያ እርጥበት የጎርፍ ቦይ ሊሆን ይችላል፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ ፍሳሽም ሊሆን ይችላል። ከጣቢያው ንጹሕ ሆኖ የወጣ ውሃ መንገድ ላይ የሚቆሽሸው እንዲህ ነው። ነዋሪው ይህን በዓይኑ ያውቀዋል። ውሃ ጠፍቶ ሰንብቶ ሲመጣ የመጀመሪያው ባልዲ ቡናማ ነው። እናቶች ለጽዳትና ለመጸዳጃ ያደርጉታል፤ ጠርቶ ሲወርድ ነው የመጠጡ ጀሪካን የሚቀርበው። ትክክል ናቸው። ቡናማው አብዛኛውን ጊዜ የቧንቧ ዝገትና ደለል ነው። ይሁንና ጠራ ማለት ከጀርም ነጻ ሆነ ማለት እንዳልሆነ መታወቅ አለበት።

ከዚያ ጀሪካኑ አለ። ባለ 20 ሊትሩ ቢጫ ጀሪካን ብዙ ጊዜ ዘይት የነበረበት ነው። አፉ ጠባብ ስለሆነ እጅ አይገባበትም፤ ይህ ጥሩ ጎኑ ነው። ነገር ግን በዚያው ምክንያት ውስጡን ማጽዳት ያስቸግራል። ትንሽ ከቆየ ግድግዳው ላይ የሚያዳልጥ አረንጓዴ ነገር ይይዛል። መፍትሔውን ሁሉም ቤት ያውቃል፦ ጠጠርና ትንሽ ውሃ ጨምሮ እንደ ቅል መናጥ ነው። ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። በርሜልና ባልዲ ደግሞ በተቃራኒው ለማጠብ ይመቻሉ፤ ግን ኩባያ ይጠለቅባቸዋል፣ ከኩባያው ጋር ጣትም ይገባል። ሮቶ ያለው ሰው ደግሞ ሮቶውን ከስንት ጊዜ አንዴ እንደሚያጥብ ራሱን ይጠይቅ።

ይህ የጅማ ብቻ ታሪክ አይደለም። በ2016 በመላ አገሪቱ በተካሄደ የቤተሰብ ጥናት ላይ የውሃ ጥራት ምርመራ ተጨምሮበት ነበር። ከመቅጃው ይልቅ ቤት ውስጥ ያለው ውሃ የበለጠ ተበክሎ ተገኝቷል። እንዲህ ያለ ምርመራ የሚካሄድበት አንዱ ዘዴ ቀላል ነው፤ ያየው ሰው ግን አይረሳውም። 100 ሚሊ ሊትር ውሃ እጅግ ደቃቅ ቀዳዳ ባለው ሽፋን ያልፋል። ሽፋኑ የባክቴሪያ ምግብ ላይ ተቀምጦ በ44 ዲግሪ ሙቀት አንድ ቀን ያህል ይቆያል። በማግስቱ ሲከፈት ሽፋኑ ንጹሕ ከሆነ ነጭ ነው። ካልሆነ ቢጫ ነጠብጣብ አለበት፤ እያንዳንዱ ነጠብጣብ ከአንድ ባክቴሪያ የተነሳ መንደር ነው። በዓይን ጠርቶ የታየ ውሃ በቢጫ ሲሞላ ብዙ ተማሪ በዚያ ቀን ውሃ አፍልቶ መጠጣት ጀምሯል።

ቡና እዚህ ላይ ይረዳናል። ጀበና ውስጥ የተንተከተከ ውሃ ጀርም አይተርፍበትም፤ ሻይም እንዲሁ። የሚያሳምመው ከእንጀራ በኋላ በጥሬው የሚጠጣው ነው። ቡና አፍቃሪዋ ጅማ በክሎሪን ላይ አንድ ቅሬታ አላት፤ የቡናውን ጣዕም ያበላሻል ትላለች። ቅሬታው ልክ ነው። ለጀበና የተቀዳውን ውሃ ክፍት አድርጎ ማሳደር ሽታውን ይቀንሰዋል። የመጠጡ ግን ተከድኖ ክሎሪኑ ጋር ቢቆይ ይሻላል። ውሃው የሚያጠራጥር ከሆነ ውሃ አጋር የሚባለው ፈሳሽ ክሎሪን አለ። ለድፍርሱ ደግሞ ቢሻን ጋሪ አለ፤ በኦሮምኛ «ጥሩ ውሃ» ማለት ነው፤ አፈሩን ያዘቅጣል፣ ጀርሙንም ይገድላል። አዝቅጦ በንጹሕ ነጠላ ማጥለል ግድ ነው።

ፀረ ተባይ

በ2013 የታተመ አንድ ጥናት በአሰንዳቦ፣ በሰርቦና በጅማ ከተሞች የእናት ጡት ወተትና የላም ወተት መርምሮ የዲዲቲ ቅሪት አገኘ። ዲዲቲ ለረጅም ጊዜ ለወባ ቤት ሲረጭ የኖረ ነው። ጫት ላይም እንደሚረጭ ይነገራል። የወተቱ ውጤት መርዙ በአካባቢው መኖሩን ያሳያል፤ በውሃ መጣ ማለት ግን አይቻልም፤ ዲዲቲ በውሃ እምብዛም አይሟሟም፤ ይልቁንም ከስብና ከደለል ጋር ይጣበቃል። የሟሟ ፀረ ተባይ ነገር ሌላ ነው። አልምና አሸዋ የተሠሩት ለአፈርና ለጀርም ነው፤ በውሃ የሟሟ ኬሚካል ያልፋቸዋል። እሱን የሚይዘው የነቃ ካርቦን፣ ለማጣሪያ የተዘጋጀ ከሰል፣ ነው፤ ካርቦን ደግሞ ውድ ነው። ርካሹ መንገድ የፀረ ተባይ ጄሪካን ወንዝ ዳር አለማጠብ ነው።

አዌቱና ቦዬ

አዌቱ ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፍ ወንዝ ነው። ለመጠጥ የሚሆን አይደለም። ልብስ ይታጠብበታል፣ መኪና ይታጠብበታል፣ የቤት ፍሳሽም ይገባበታል። ዳሩ ላይ ጎመንና ሰላጣ ይበቅላል፤ በጥሬው የሚበላ ሰላጣ በዚህ ውሃ ሲለማ ጀርሙ ቧንቧን ሳይነካ ማዕድ ላይ ይደርሳል። የቡና አጣቢ ጣቢያዎች ጉዳይም አለ። ከመስከረም ማብቂያ እስከ ታኅሣሥ ባለው የለቀማ ወቅት ከእሸት ቡና ማጠቢያ የሚወጣው ፍሳሽ በስኳርና በልጣጭ የበለጸገ ነው። ወንዝ ውስጥ ሲገባ በሚበሰብስበት ጊዜ ኦክስጅኑን ይጨርሰዋል፤ ውሃው ይጠቁራል፣ ይሸታል። ቡናው ኩራታችን ነው፤ ፍሳሹም የኛው ነው።

በከተማዋ ዙሪያ ያሉት ረግረጎች፣ ቦዬና ቂቶ፣ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ ማጣሪያዎች ናቸው። ደንገሉ ጎርፉን ያዘገየዋል፤ ደለሉ እዚያው ይቀራል። በ2008 የታተመ የዩኒቨርሲቲው ጥናት በግልገል ጊቤ ግድብ ሐይቅ ላይ የደለልና የማዳበሪያ ንጥረ ነገር ክምችትን መርምሮ ችግሩ አሳሳቢ መሆኑን አሳይቷል። ከላይ ያልተያዘ አፈር ታች ሄዶ ይጠራቀማል። ረግረጎቹ ግን እየጠበቡ ናቸው። ከአንዱ ጎን ባሕር ዛፍ ይተከላል፤ ከሌላው ጎን ጭቃው ለሸክላ ጡብ ይቆፈራል። በበጋ በዚያ ያለፈ ሰው ተደርድሮ የሚደርቀውን ጡብ፣ ከጎኑም ውሃ የቋጠረውን ጉድጓድ ያያል።