ጥድ፣ ባሕር ዛፍና ገብስ፦ በአዲስ አበባ ዙሪያ ደንና ገበሬ

ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ በሚወርደው መንገድ በጠዋት የቆመ ሰው እንጨት ተሸካሚዎቹን አያጣቸውም። ከሩቅ ሲታይ ሸክሙ ራሱ እግር አውጥቶ የሚራመድ ይመስላል። ቀረብ ሲሉ ነው ከሥሩ ያጎነበሰች ሴት መኖሯ የሚታየው። ገመዱ ትከሻዋን ዞሮ ደረቷ ላይ ተቋጥሯል። ጀርባዋ ላይ ያለው የባሕር ዛፍ ቅጠልና ጭራሮ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ30 ኪሎ ይበልጣል። ሰላም ብትሏት መልሱን የምትሰጠው እየሄደች ነው። አንዴ ከቆመች ሸክሙን እንደገና ማስነሳት ሌላ ጣጣ ነው።

በከተማዋ ዙሪያ ስለ ደን የሚነሳ ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህች ሴት ዘንድ ይደርሳል። ዛፉ አይነካ ከተባለ እሷ ምን ትሽጥ? ከተማውስ በምን ይጋግር?

አዲስ አበባ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በምሥራቅ የረር አለ። ከተራሮቹ ግርጌ ሱሉልታ፣ ሆለታ፣ ሰበታና ሰንዳፋ ይገኛሉ። ደጋው ላይ ገብስ፣ ስንዴ፣ ባቄላና ድንች ይዘራል። ዝቅ ሲሉ ጤፍና ሽምብራ ይመጣል። እዚህ ጋ ከደቡብ ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ጋር ያለው ልዩነት ጎልቶ ይታያል። በከፋና በያዩ ገበሬው ዛፍ ቢያቆም አይከስርም፤ ቡናው ጥላ ይወዳል። ሁለቱም አካባቢዎች እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገቡ ጥብቅ ሥፍራዎች ሲሆኑ ደንና ቡና አንድ ላይ የሚኖሩባቸው ናቸው። ገብስ ግን ፀሐይ ነው የሚፈልገው። የወጨጫ ገበሬ ጥድ ባቆመ ቁጥር የሚቀነስ ማሳ አለው። ስለዚህ እዚህ ደኑ የሚቆምበት ሌላ ምክንያት ያስፈልገዋል።

ለመናገሻ ሱባ ደን ምክንያቱ የቤተ መንግሥት ትእዛዝ ነበር። ደኑ ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ በወጨጫ ተራራ ተዳፋት ላይ ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከሰሜን ሸዋው ወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው አስተከሉት ይባላል። በአፍሪካ ከጥንታዊዎቹ ጥብቅ ደኖች አንዱ ተብሎ የሚጠራው ለዚህ ነው። ጥድ፣ ዝግባ፣ ወይራና ከፍ ሲሉ ደግሞ ኮሶ አለበት። ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላም ይኖሩበታል። ውስጡ ገብቶ ቀና ብሎ ያየ ሰው፣ የሸዋ ደጋ ድሮ ምን ይመስል እንደነበር ጥቂት ይገባዋል። አሁን በዙሪያው እርሻ ነው። አጥር ላይ ቆመህ አንድ እግርህ ገብስ፣ አንድ እግርህ ጥድ ይረግጣል ማለት ይቻላል።

እንጦጦ ያን ያህል አልታደለም። ምኒልክ እዚያ ከተሙ፤ ሠራዊቱና አገልጋዩ ተከተለ። ለቤትም ለማገዶም ጥዱ ተቆረጠ። በ1879 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተቆረቆረች፤ እሷም ብዙ ሳትቆይ እንጨት አጣች። ችግሩ እንዲህ የዋዛ አልነበረም። ምኒልክ ዋና ከተማውን ደን ወዳለበት ወደ አዲስ ዓለም ሊያዛውሩ ተነሥተው ነበር። እዚያ የተጀመረው ቤተ መንግሥት ኋላ ላይ ቤተ ክርስቲያን ሆነ።

ከተማዋን ባለችበት ያቆያት ባሕር ዛፍ ነው። ከአድዋ ጦርነት ጥቂት ቀደም ብሎ ከውጭ ገባ። ያስመጡት ሞንዶን ቪዳዬ የተባሉ የንጉሡ ፈረንሳዊ አማካሪ ናቸው ይባላል። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ሕዝቡ ባሕር ዛፍ አለው። ቶሎ ያድጋል፣ ከብት አይበላውም፣ ሲቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። ከዚህ በላይ ገበሬ ምን ይፈልጋል?

ባሕር ዛፍን መስደብ ቀላል ነው። ውሃ ይመጥጣል፤ ከሥሩ ሣር እንደልብ አይበቅልም። ከማሳ ዳር ከተተከለ ከጎረቤት ጋር ያጣላል፤ «ዛፍህ እህሌን በላው» የሚል ክስ በየመንደሩ የተለመደ ነው። ተዳፋት ላይ ሲሆን ደግሞ ቅጠሉ ተጠርጎ ስለሚወሰድ አፈሩ ራቁቱን ይቀራል፤ ክረምት ሲመጣ ጎርፍ ይዞት ይወርዳል። ይህ ሁሉ እውነት ነው። የኔ አስተያየት ግን ከዚህ ትንሽ ይለያል። ከተማው አንድ መቶ ዓመት በላይ ባሕር ዛፍ ባይቆርጥ ኖሮ ይቆርጥ የነበረው የሱባን ጥድ ነው። የተረፈው አገር በቀል ደን ለዚህ መጤ ዛፍ ባለዕዳ ይመስለኛል።

ገበሬውም ባንኩ ያደርገዋል። የጓሮው ባሕር ዛፍ ከአምስት እስከ ሰባት ዓመት ለአጣና ይደርሳል። ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ ሰው ሲታመም፣ ሠርግ ሲደርስ ይቆረጣል። ወፍራሙ ቋሚ፣ ቀጭኑ ማገር፣ ቅርንጫፉ ማገዶ ይሆናል። አጣናው ከተማ ገብቶ የሕንፃ መወጣጫ ይሆናል። ጥድ ግን ለግንድ እስኪበቃ ብዙ አሥርት ዓመታት ይወስዳል። የተከለው ሰው ጥቅሙን አያይም።

እንጨት በጠፋበት ሜዳ ላይ ደግሞ የሚነደው ኩበት ነው። ይሄ ብዙ ሰው ልብ የማይለው ነገር ነው። ጭቃ ቤት ግድግዳ ላይ በእጅ ተጠፍጥፎ፣ የጣት ምልክት ታትሞበት የሚደርቀው ኩበት ማሳ ላይ ቢበተን ማዳበሪያ ይሆን ነበር። ምድጃ ውስጥ ገብቶ አመድ ሲሆን ገበሬው ያጣውን በኩንታል ዩሪያ ሊተካ ይሯሯጣል። በሌላ አነጋገር፣ አንድ ገበሬ ጓሮው ባሕር ዛፍ ካለው ኩበቱን ለማሳው ሊያተርፍ ይችላል። ዛፍና እህል ሁልጊዜ ጠላት አይደሉም።

በእንጦጦ ባሕር ዛፉን በአገር በቀል የመተካት ሥራ ከተጀመረ ቆይቷል። የኢትዮጵያ ቅርስ ባላደራ ማኅበር ተራራው ላይ ለዓመታት ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ሲያለማ ኖሯል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር ያቋቋሙት የጉለሌ ዕፅዋት ማዕከልም 700 ሄክታር ያህል ይዟል። በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፈተ። አየሩም መንገዱም ግሩም ነው። ማገዶ ለቃሚዋ ግን በታጠረ ቁጥር የምትሄድበት ርቀት ይጨምራል። መሸከሙን ትተው በማኅበር ተደራጅተው ነጠላና ስካርፍ የሚሸምኑ ሴቶች አሉ። መንገዱ ላይ የምናያቸው ግን አሁንም ብዙ ናቸው።

ከጥበቃ ሠራተኛና ከአጥር ሌላ መንገድ የተሞከረው ጭልሞ ነው። በጊንጪ አጠገብ፣ ከአዲስ አበባ 90 ኪሎ ሜትር ያህል በስተምዕራብ ያለ የጥድ፣ የዝግባና የወይራ ደን ነው። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ፋርም አፍሪካና ኤስ ኦ ኤስ ሳህል የተባሉት ድርጅቶች ከመንግሥትና ከነዋሪው ጋር አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን አስጀመሩ። ነገሩ ውል ነው። የአካባቢው ሰው በኅብረት ሥራ ማኅበር ተደራጅቶ ደኑን ይጠብቃል። በምትኩ ደረቅ እንጨት ይለቅማል፣ ሣር ያጭዳል፣ ከተተከለው ባሕር ዛፍ ሸጦ ይካፈላል። ከተቀጣሪ ዘበኛ ይልቅ የራሱን ድርሻ የሚጠብቅ ጎረቤት ሌባን ቶሎ ያያል። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010ም ከመንግሥት ደን ሌላ የግል፣ የማኅበረሰብና የማኅበር ደን ብሎ እውቅና ሰጥቷል።

ለከተማው የቀረበው ገበሬ ግን ሌላ ፈተና አለበት። መሬት ከ1967ቱ አዋጅ ወዲህ የመንግሥት ነው፤ ገበሬው ያለው የመጠቀም መብት ነው። ከተማው ደግሞ እየሰፋ ይመጣል። በ2006 ዓ.ም. ተቃውሞ ያስነሳውና በ2008 ዓ.ም. የተሰረዘው ማስተር ፕላን የዚህን ሥጋት ልክ አሳይቷል። ነገ ኮንዶሚኒየም ይቆምበታል ብሎ የሚጠረጥር ሰው ዛሬ ዝግባ አይተክልም። ቢተክል ባሕር ዛፍ ነው፤ ቶሎ ይደርስለታል።

ሌላው ነገር ምድጃው ነው። ብዙ ማገዶ የሚበላው እንጀራ መጋገር ነው። ምርጥ የሚባለው ከሲሚንቶ የሚሠራ የእንጀራ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን እስከ ግማሽ ይቀንሳል። ጭሱንም ይቀንሳል። ኤሌክትሪክ ምጣድ ያለው ቤትም ቢሆን መብራት ሲጠፋ ወደ ጭራሮ ይመለሳል። የሲሚንቶው ምድጃ ችግሩ ክብደቱ ነው። በከተማው ዳር ብዙ ሰው የሚኖረው ተከራይቶ ነው፤ ቤት በለወጠ ቁጥር ተሸክሞት አይዞርም። ሦስት ድንጋይ ግን አዲሱም ግቢ ውስጥ አይጠፋም።