ርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታር ለጀማሪ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ኤሌክትሪክ ጊታር መማር ያሰበ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «ስንት ያወጣል?» ነው። ከዚያ ጓደኛው፣ የአጎቱ ልጅ፣ ሻጩና ዩቲዩብ እየተቀባበሉ ምክር ያዘንቡበታል። ከምክሩ ልክ የሆነ ብዙ አለ። ልክ ያልሆነው ግን ወይ ገንዘብ ያስጨርሳል፣ ወይ ጊታሩን በሦስተኛው ወር ግድግዳ ላይ ያሰቅላል። በብዛት የሚሰሙት እነዚህ ናቸው።

«መጀመሪያ በቦክስ ጊታር ይጀመር፤ ኤሌክትሪኩ ኋላ ይደርሳል»

እንዲህ የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው በቦክስ ጊታር የጀመሩ ናቸው፤ ያኔ ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። ለጣት ግን ኤሌክትሪኩ ይቀላል። ኤሌክትሪክ ጊታር ላይ የሚታሰረው ቀጭኑ ክር አብዛኛውን ጊዜ 0.009 ወይም 0.010 ኢንች ነው፤ የብረት ክር ባለው ቦክስ ጊታር ላይ 0.012 የተለመደ ነው። በቁጥር ሲታይ ኢምንት ይመስላል። አመልካች ጣት ስድስቱንም ክር ተጭኖ ኤፍ ኮርድ (ኮርድ ማለት አብረው የሚመቱ ኖታዎች ናቸው) ለመያዝ ሲሞክር ግን ልዩነቱ በደንብ ይሰማል።

ኤሌክትሪኩም የራሱ ፈተና አለው። ሳይታሰብ የተነካን ክር አምፕሊፋየሩ (በአጭሩ አምፑ፣ ድምፅ ማጉያው) አጉልቶ ያወጣዋል፤ ስለዚህ የማይመታውን ክር በመዳፍና በጣት ማፈን ከመጀመሪያው መለመድ አለበት። የቦክስ ጊታር ድምፅ የሚወድ በቦክስ ይጀምር። ልቡ ኤሌክትሪኩ ላይ ያለ ሰው ግን ዙሪያ ጥምጥም የሚሄድበት ምክንያት የለም። «መብራት ሲጠፋስ?» ለሚል፣ ሳይሰካም ቢሆን ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ለልምምድ የሚበቃ ድምፅ ያወጣል።

«ርካሽ ጊታር የልጅ መጫወቻ ነው»

ድሮ እውነትነት ነበረው። ዛሬ የርካሹንም እንጨት በኮምፒውተር የሚታዘዝ ማሽን ስለሚቆርጠው የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች) ቦታ አይዛነፍም። ትልልቆቹ አምራቾችም ለአነስተኛ ዋጋ የለዩት ስም አላቸው፤ ፌንደር ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስኳየርን፣ ጊብሰን ደግሞ በ1957 እ.ኤ.አ. ወደ እጁ የገባውን ኤፒፎንን። የያማሃ ፓሲፊካ፣ የአይባኔዝ ጂዮና የኮርት አነስተኛ ሞዴሎችም በዚሁ መደብ ናቸው። በአሜሪካ ገበያ ከ200 እስከ 300 ዶላር ባለው ውስጥ ለዓመታት የሚያገለግል ጊታር ይገኛል።

ዋጋው ሲወርድ የሚቀነሰው የመቃኛ ቁልፎቹ፣ የፒክአፑ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረው)፣ የጃኩ (የገመዱ መሰኪያ) እና የፍሬት ጫፍ ማለስለሱ ጥራት ነው። እነዚህ ሁሉ ኋላ ሊቀየሩ ወይም ሊስተካከሉ ይችላሉ። የተጣመመ አንገት ግን ራስ ምታት ነው፤ ስለዚህ ከቀለሙም ከብራንዱም በፊት አንገቱን እዩ።

እኔ ከርካሹ ይልቅ የምፈራው አስመስሎ የተሠራውን ነው። ራሱ ላይ «ጊብሰን» ተጽፎበት በስኳየር ዋጋ የሚቀርብ አዲስ ጊታር ሐሰተኛ ነው ብላችሁ ብትነሡ አትሳሳቱም። ለዚያ ከመክፈል በራሱ ስም የሚሸጥ ርካሽ ጊታር ይሻላል።

«አዲስ ከሆነ ከሣጥኑ እንደወጣ ይጫወታል»

ብዙ ጀማሪ የሚሸነፈው እዚህ ላይ ነው። «ጣቴ አጭር ነው፣ ለጊታር አልተፈጠርኩም» የሚል ሰው ጊታሩን ስታዩት ክሩ ከፍሬቱ ርቆ ተሰቅሎ ታገኙታላችሁ። በእንዲህ ያለ ጊታር ጎበዝ ተጫዋችም ይቸገራል። አዲስ ጊታር ብዙ ወር መጋዘንና መርከብ ላይ ቆይቶ፣ እርጥበት ካለው አገር ወደ ደረቅ አየር ገብቶ ነው እጃችሁ የሚደርሰው። በመንገዱ ላይ እንጨቱ ይንቀሳቀሳል፤ አንገቱ ይጎብጣል ወይም ይቃናል። ሲደርቅ ደግሞ እንጨቱ ይሰበሰብና የፍሬቶቹ ብረት በጎን ብቅ ብሎ እጅ ይቧጭራል።

ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳትሰኩት ጀምሩ። አውራ ጣታችሁን በአንገቱ ጠርዝ ከላይ እስከ ታች አንሸራትቱ፤ የሚቧጭር ካለ ወዲያው ይታወቃል። ወፍራሙ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ከብረቱ ያለውን ርቀት እዩ፤ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው፣ 3 ከደረሰ መስተካከል አለበት። ቀጥሎ ክሩን ሦስተኛው ፍሬት ላይ ተጫኑና አንደኛው ፍሬት ላይ ያለውን ክፍተት ተመልከቱ። ወረቀት የሚያሳልፍ ያህል ብቻ መሆን አለበት። ሰፊ ከሆነ አንገቱ ጫፍ ላይ ክሮቹ የሚያርፉበት ቦይ በደንብ አልተሞረደም ማለት ነው፤ ያ ጊታር ቢቃኝም አንደኛው ፍሬት አካባቢ የሚያዘው ኮርድ ሁሉ ቅኝቱ ይዛባል፣ ጣትም ያሳምማል። ከዚያ እያንዳንዱን ክር በየፍሬቱ አንድ በአንድ ምቱ። የሆነ ቦታ ላይ ክሩ የሚንጫረር ወይም ድምፁ የሚሞት ከሆነ ምልክት ያዙ።

በመጨረሻ ስልካችሁ ላይ መቃኛ አፕ ክፈቱ። ክሩን ሳትጫኑ ቃኙት፣ ከዚያ 12ኛው ፍሬት ላይ ተጭናችሁ ምቱት። ያው ኖታ አንድ ኦክታቭ ከፍ ብሎ መምጣት አለበት። ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ ከታች ክሩ የሚያርፍባትን ብረት በመፍቻ ወደፊትና ወደኋላ በማንቀሳቀስ ይስተካከላል። የአንገቱ ጉብጠት ደግሞ ውስጡ ባለው የብረት ዘንግ ይታረማል፤ በብሩጎላ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ)፣ ቢበዛ ሩብ ዙር ሩብ ዙር እየተደረገ። ለመጀመሪያ ጊዜ ይህን ሥራ ለሚያውቅ ሰው ስጡት፤ ከጊታሩ በጀት ላይም ለዚሁና ለአዲስ ክር የሚሆን አስቀሩ። ውድ ሆኖ ካልተስተካከለ ጊታር ርካሽ ሆኖ የተስተካከለው በእጅጉ ይበልጣል።

«አምፑ ትልቅ ካልሆነ ድምፅ የለውም»

100 ዋት ከ10 ዋት አሥር እጥፍ አይጮኽም፤ ለጆሮ የሚሰማው ሁለት እጥፍ ገደማ ነው። ለመኝታ ቤት 10 ዋት ይተርፋል፤ ግድግዳ ለሚጋራ ጎረቤትማ ከበቂ በላይ ነው። ከዋቱ በፊት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ እንዳለው ጠይቁ። ጊታሩን በቀጥታ የቤት ቴፕ ወይም የቴሌቪዥን ስፒከር ላይ መሰካትም አይሠራም። የፒክአፑ ኃይል ደካማ ስለሆነና ለሱ የተሠራ መግቢያ ስለሌላቸው ድምፁ ቀጥኖና ደብዝዞ ይወጣል።

ዘመድ ከአሜሪካ የሚልክላችሁ ከሆነ ደግሞ ይህን አስተውሉ። ጊታሩ ራሱ የቮልት ጉዳይ የለበትም፤ አምፑ ግን አለበት። የአሜሪካ መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኢትዮጵያ 220። ጀርባው ላይ 120 ቮልት ብቻ የተጻፈበትን አምፕ ግድግዳ ላይ ከሰካችሁት ዕድለኛ ከሆናችሁ ፊውዙ ብቻ ይቃጠላል። ቮልት የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይፈታዋል፤ ሲገዛ ግን መታየት ያለበት የድምፁ ዋት ሳይሆን ጀርባው ላይ የተጻፈው የኃይል ፍጆታው ነው፣ ትራንስፎርመሩም ከዚያ በለጥ ማለት አለበት። በአዳፕተር የሚሠራና አዳፕተሩ ላይ «100–240» የተጻፈበት አምፕ ያለ ሐሳብ ይሰካል። ከዱባይ ወይም ከጀርመን የሚመጣው በቮልት በኩል ችግር የለበትም፤ የዱባዩ ሶኬቱ ይለይ ይሆናል እንጂ።

«እምምም ካለ ተበላሽቷል»

ሁልጊዜ አይደለም። ባለ አንድ ጥቅል ፒክአፕ፣ ለምሳሌ የፌንደሩን ስትራቶካስተር ቅርፅ ባላቸው ጊታሮች ላይ ያሉት ሦስቱ፣ የቤቱን መብራት ንዝረት እንደ አንቴና ይለቅማል። ከፍሎረሰንትና ከትራንስፎርመር ራቅ ብላችሁ ትንሽ ዞር ስትሉ ይቀንሳል። ይህን ለማስወገድ ነው የጊብሰኑ መሐንዲስ ሴዝ ላቨር በ1955 እ.ኤ.አ. ሁለት ጥቅል ጎን ለጎን አድርጎ ሀምበከር የተባለውን ፒክአፕ የሠራው። ለጀማሪ ከኋላ ሀምበከር፣ ከፊት ሁለት ነጠላ ያለው ጊታር ሁሉንም ያስሞክራል፤ ፓሲፊካ 112ን የምወደው አንዱ በዚህ ነው።

ክሮቹን በእጃችሁ ስትነኩ ድምፁ ከቀነሰ ሽቦው ደህና ነው፤ ክሮቹ ከመሬት መስመሩ ጋር ተገናኝተዋል ማለት ነው። ስትነኩት ከባሰ የሆነ ቦታ የተቋረጠ ሽቦ ይኖራል። ቆንጠጥ የሚያደርግ ነገር ከተሰማችሁ ግን ወዲያው ንቀሉት። የአምፑ ወይም የቤቱ መስመር አደገኛ ነው፤ በተለይ ጊታሩን ይዛችሁ ማይክ ከንፈራችሁ አጠገብ ካለ።

«እንጨቱ ነው ድምፁን የሚወስነው»

ሰዎች በዚህ ሌሊቱን ሙሉ ይከራከራሉ። ፒክአፕ የሚያነበው የብረት ክሩን ንዝረት ነው፤ በጀማሪ ዋጋ ደረጃ ፒክአፑ፣ አምፑና እጁ ከእንጨቱ ይልቅ ብዙ ይለውጣሉ። እለፉት።

በሁለት በኩል የሚቆለፈውን ፍሎይድ ሮዝ የተባለ ማርገብገቢያም (በእጀታ የክሮቹን ድምፅ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ) ለጊዜው እለፉት። አንድ ክር ሲቀየር ሌሎቹ ሁሉ ቅኝታቸው ይሸሻል፤ ጀማሪ ሰዓቱን በመጫወት ፋንታ በመቃኘት ይጨርሳል።

«የአበሻ ዘፈን ለመጫወት ልዩ ጊታር ያስፈልጋል»

ጊታሪስቶቹ ሰላም ስዩም በሮሃ ባንድ፣ ግሩም መዝሙርም በየመድረኩ የተጫወቱት በተለመደው ባለ ስድስት ክር ጊታር ነው። ትዝታ ሜጀር ከሲ ሲነሳ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ ነው፤ አምባሰል ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ኤ ፍላት። ባቲና አንቺሆዬም እንደዚሁ በማንኛውም ርካሽ ጊታር ላይ አሉ። በማሲንቆና በድምፅ ሲዘፈን በሁለት ፍሬት መካከል የምትወድቅ ኖታ ትኖራለች፤ እሷን ክሩን ገፋ በማድረግ ማግኘት ይቻላል፣ ለዚህም 0.009 ክር ይመቻል። በብዙዎቹ የድሮ ቅጂዎች የሚሰማው የጠራ፣ ያልተጨማለቀ የጊታር ድምፅ ነው፤ ስለዚህ ስትሞክሩ የአምፑን ዲስቶርሽን (ድምፁን የሚያሻክረውን) አጥፉት። ዲስቶርሽን ብዙ ጉድ ይሸፍናል፤ ሻጮችም ያውቁታል።

«ያገለገለ አይገዛም»

በደንብ ከታየ፣ በዚያው ብር አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ጊታር ያስገኛል። ከላይ የተባለውን ፍተሻ ሁሉ አድርጉና ሦስት ነገር ጨምሩ። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ፍሬቶች ላይ ክሩ የበላው ጥልቅ ጎድጓዳ አለ? ፍሬት ማስቀየር ከርካሽ ጊታር ዋጋ ጋር ሊቀራረብ ይችላል። የአንገቱ ዘንግ ይዞራል ወይስ ጥርሱ ተበልቷል? ባለቤቱ ፊት በብሩጎላ በቀስታ ይሞከር፤ እንቢ ካለ ግን እንዳይታገሉት። ከዚያ ሰክታችሁ የድምፅ ቁልፎቹን አዙሩ፣ የፒክአፕ መምረጫውንም በየቦታው አንቀሳቅሱት። ጭርጭር ማለት የአቧራ ነገር ነው፣ በማጽጃ ስፕሬይ ይለቃል፤ ለዋጋ መከራከሪያም ያገለግላል። ገመዱን ጃኩ ላይ ነካ ስታደርጉት ድምፁ ጥፍት ብልጭ ካለም አትደንግጡ፤ የጃክ ሽቦ የራዲዮ ጠጋኝ በአምስት ደቂቃ ይበይደዋል።